ለቢሮ ሰርቨር ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? መጀመሪያ ፒችትሪው የት እንዳለ ንገሩኝ

"ሰርቨር ገዝተናል፣ ምን ይጫንበት?" የሚል ስልክ ብዙ ጊዜ ይደወልልኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። የሚመጣበት ሰዓት ግን ልክ አይደለም። ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ አሸናፊው ተለይቶ፣ ማሽኑ ቢሮ ከገባ በኋላ ነው የሚጠየቀው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ) ግን ከማሽኑ በፊት የሚወሰን ነገር ነው። የዊንዶውስ ሰርቨር ላይሰንስ የሚሰላው በማሽኑ ኮር (የፕሮሰሰሩ የማስሊያ ክፍል) ብዛት ነው፤ ሻጩ "ትልቁ ይሻላል" ብሎ ባለ 32 ኮር ከሰጣችሁ፣ ሠራተኞቻችሁ 15 ብቻ ቢሆኑም የላይሰንሱ ሒሳብ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የምጽፈው ከ10 እስከ 100 ሠራተኛ ላላቸው የአገራችን ድርጅቶች ነው። አስመጪ፣ ፋብሪካ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ኤንጂኦ። ባንክና ቴሌኮም የራሳቸው ዓለም አላቸው፣ እነሱን አልነካም። የሶፍትዌር ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሒሳባችሁ የሚሠራው በምንድን ነው? ሰርቨሩ ሌሊት ቢቆም ማን ነው የሚነሳው? የዊንዶውስና የሊኑክስ ክርክር ከነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ጭራሽ ሳይመጣ ነገሩ ያልቃል።

ከሒሳቡ ልጀምር። የአገራችን ድርጅት ሒሳብ በአብዛኛው ፒችትሪ ላይ ነው። ስሙ ከ2013 እትም ጀምሮ ሴጅ 50 ተብሏል፣ እኛ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው የምንለው፤ የሥራ ማስታወቂያ ላይም "የፒችትሪ ችሎታ ያለው" ተብሎ ነው የሚወጣው። ይሄ ሶፍትዌር ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። የድርጅቱ ዳታ ሰርቨሩ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ፐርቬሲቭ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም እዚያው ሰርቨሩ ላይ ይሠራል፣ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ በኔትወርክ እየገቡ ይከፍቱታል። ፎልደሩን ሊኑክስ ላይ አስቀምጠው በሳምባ (ሊኑክስ ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይል የሚያጋራበት ነጻ ፕሮግራም) ሼር ለማድረግ የሚሞክሩ ልጆች አሉ። አምራቹ አይደግፈውም። አንድ ሰው ብቻውን ሲገባ ሊከፍትለት ይችላል፤ ጣጣው የሚመጣው ወር መዝጊያ ላይ ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ፖስት ሲያደርግ ነው። ሰኔ 30 እየደረሰ ዳታው የተበላሸበት የሒሳብ ሹም ምን እንደሚሰማው ያየ ሰው ይሄንን ሙከራ አይሞክርም።

ስለዚህ ፒችትሪ ካለ ዊንዶውስ አለ። በዚህ አልከራከርም። ስንት ዊንዶውስና የትኛው የሚለው ግን ብዙ ያነጋግራል፣ እመለስበታለሁ።

ዊንዶውስ በግልጽ የሚያሸንፍበት ሌላው ቦታ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው፣ የቢሮውን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው። በእሱ ሥር ያሉት አንድ ላይ ዶሜይን ይባላሉ። 40 ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ አስቡ። ሠራተኛው በአንድ ስምና ፓስወርድ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይገባል፣ ፍላሽ እንዳይሰካ ከአንድ ቦታ ይዘጋል፣ ፕሪንተሩ በራሱ ይጫናል፣ ሰው ሥራ ሲለቅ ደግሞ አካውንቱን አንድ ቦታ ላይ መዝጋት ይበቃል። ይሄ የመጨረሻው ብቻ ለብዙ ቢሮ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ከሄደ ዓመት ያለፈው ሠራተኛ አካውንት አሁንም ክፍት ሆኖ የማገኝበት ቢሮ ቀላል አይደለም። ሊኑክስ ላይ ሳምባ በዲሴምበር 2012 ከወጣው 4ኛ እትሙ ጀምሮ የዶሜይን ሥራ መሥራት ይችላል። ለትንንሽ ቢሮዎች ተክዬዋለሁ፣ ይሠራል። ሁለት የዶሜይን ሰርቨር ሲኖር ግን ፖሊሲዎቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ አይገለብጥም። በስክሪፕት ማስተካከል ያስፈልጋል። ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ ተተኪው ነገሩ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ ከሆኑና ከ30 በላይ ከሆኑ ዶሜይኑን ዊንዶውስ ላይ አድርጉት እላለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ሱቅ ላይ ከላፕቶፕ ጋር የሚመጣው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ሆም የሚባለው ነው። ሆም ዶሜይን ውስጥ አይገባም። ፕሮ መሆን አለበት። 40 ላፕቶፕ ከመገዛቱ በፊት ይሄ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ይጻፍ።

አሁን ወደ ብሩ። የዊንዶውስ ሰርቨር 2025 ስታንዳርድ ይፋዊ ዋጋ ለ16 ኮር 1,176 ዶላር ነው። 16 ኮር ዝቅተኛው ነው፤ ማሽናችሁ 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም የ16 ትከፍላላችሁ። 32 ከሆነ እጥፍ። ዳታሴንተር የሚባለው እትም ደግሞ 6,771 ዶላር ነው። ልዩነታቸው በዋናነት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ማሽን ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ) ላይ ነው፣ ስታንዳርድ ሁለት ይፈቅዳል፣ ዳታሴንተር የፈለጋችሁትን ያህል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ካል የሚባለው አለ። ሰርቨሩን የሚጠቀም እያንዳንዱ ሰው ወይም እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ካል ያስፈልገዋል፣ ዋጋውም ለብቻ ነው። በሰው ይቆጠር ወይስ በኮምፒውተር የሚለውን እናንተ ናችሁ የምትመርጡት። ሦስት ፈረቃ አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚቀያየርበት ፋብሪካ በኮምፒውተር ቢቆጠር ይረክስለታል፤ አንዱ ሠራተኛ ላፕቶፕም ዴስክቶፕም ስልክም የሚይዝበት ኤንጂኦ በሰው ይቁጠር። ከቤት ሆኖ በሪሞት ዴስክቶፕ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ካል አለ። ፕሮፎርማው ላይ "ዊንዶውስ ሰርቨር፣ ብዛት 1" ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ያ ሰነድ አላለቀም።

ለትንሽ ቢሮ ኢሴንሻልስ የሚባል እትም አለ። እስከ 25 ተጠቃሚና 50 ኮምፒውተር ድረስ ካል አይጠይቅም፣ ዋጋውም ከስታንዳርዱ በጣም ያነሰ ነው። ግን የሚሸጠው በሰርቨር አምራቾች በኩል ከማሽኑ ጋር ነው፣ ማሽኑም አንድ ፕሮሰሰር ከ10 ኮር ያልበለጠ መሆን አለበት። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁኝ የምለው ለዚህም ነው። 20 ሠራተኛ ያለው ቢሮ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር ገዝቶ ሲጠብቀኝ ያ በር አስቀድሞ ተዘግቷል።

ይሄ ሁሉ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሄደ። የሶፍትዌሩ ዋጋ ባይነካ እንኳ የእኛ ሒሳብ እጥፍ ሆነ። ክፍያውን ወደ ውጭ መላኩ ደግሞ የራሱ ወረፋ አለው።

ታዲያ ቢሮው ምን ያደርጋል? ቴክኒሻን ይጠራል፣ ቴክኒሻኑ ከፍላሹ ክራክ፣ ማለትም ያለ ላይሰንስ የሚያስነሳ ፕሮግራም፣ ይጭናል፣ ያልቃል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ገብቼ ካየኋቸው ቢሮዎች የብዙዎቹ ሰርቨር ይሄው ነው። ዊንዶውስ ይሻላል ወይስ ሊኑክስ እያልን ስንከራከር እነዚህ ቢሮዎች ሦስተኛውን መርጠዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

ለምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ክራኩ ሲጫን መጀመሪያ ዲፌንደርን (የዊንዶውሱን የቫይረስ መከላከያ) አጥፉ ይላል። ቴክኒሻኑ ያጠፋል። ከዚያ ፎልደሩን ዲፌንደር እንዳይፈትሸው ልዩ ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ፕሮግራሙን በአድሚን ሥልጣን ያስነሳል። የድርጅታችሁ ሒሳብ፣ የደመወዝ ሰነድ፣ የደንበኞቻችሁ ዝርዝር ያለበት ማሽን ላይ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ገባ ማለት ነው። ዘበኛውን ወደ ቤቱ ልኮ በሩን ክፍት አድርጎ ማደር ነው።

የእናንተ ሰርቨር እንደዚህ መሆኑን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። "በድርጅታችሁ የአክቲቬሽን አገልግሎት ገቢር ሆኗል" የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ካለና ድርጅታችሁ እንዲህ ያለ አገልግሎት አቋቁሞ የማያውቅ ከሆነ አንድ ሰው አስመስሎ አስገብቶላችኋል። ይሄ ዓይነቱ አክቲቬሽን በየ180 ቀኑ የሚያበቃ ስለሆነ፣ በራሱ እየተነሳ የሚያድስ ሥራም ብዙውን ጊዜ ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ተተክሎ ይገኛል። ቀጥሎ የዲፌንደርን የኤክስክሉዥን ዝርዝር እዩ። የማታውቁት ፎልደር እዚያ ካለ መልሱ ተገኝቷል።

ዋናው ጉዳት ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ቴክኒሻኑ ሲወጣ "አፕዴት እንዳታደርጉ፣ አክቲቬሽኑ ይጠፋል" ብሎ ይሄዳል። አፕዴት ይዘጋል። ለዓመታት ተዘግቶ ይቀራል። በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰ ጊዜ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፣ በማርች ነው የወጣው። የተመቱት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው። የዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ድጋፍ፣ አር 2ን ጨምሮ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2023 አብቅቷል፤ እስካሁን በዚያ ላይ የሚሠሩ ቢሮዎች አውቃለሁ፣ አንዳንዶቹ አለቃው ውጭ አገር ሆኖ ሒሳብ እንዲያይ ብለው የሪሞት ዴስክቶፑን ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት ያደረጉ ናቸው። ባክአፑስ? ሰርቨሩ ጀርባ ላይ ሁልጊዜ የተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ ዲስኩንም አብሮ ነው የሚቆልፈው።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው። ላይሰንሱን መክፈል ካልቻላችሁ ዊንዶውስ ሰርቨር አይኑራችሁ። ፒችትሪን ለሚጠቀሙ አራት አምስት የሒሳብ ሠራተኞች ሰርቨር ግዴታ አይደለም። ሕጋዊ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ያለው ጠንከር ያለ ዴስክቶፕ ፎልደሩን ሼር አድርጎ መያዝ ይችላል፤ የፕሮ ላይሰንስ እስከ 20 ሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲገናኙት ይፈቅዳል። ያንን ዴስክቶፕ ለማንም ሥራ አትስጡት፣ ፌስቡክ አይከፈትበት፣ ዩፒኤስ ይኑረው፣ አፕዴት ይሁን። በክራክ ከተጫነ ዳታሴንተር እትም ይሄ በብዙ እጥፍ ይሻላል። የቀረውን ሥራ ሁሉ ወደ ሊኑክስ ውሰዱት።

ሊኑክስ ስል የትኛው? እዚህ ላይ ሰው ግራ ይጋባል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ብዙዎቻችን የሠለጠንነው ሴንትኦኤስ ላይ ነው። የሬድ ሃት (ድጋፉ በክፍያ የሚሸጥ ሊኑክስ) ቅጂ ነበር፣ በነጻ፣ በ10 ዓመት ድጋፍ። ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ሬድ ሃት ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ፤ ሰው እስከ 2029 ይቆያል ብሎ ነበር የጫነው። ሴንትኦኤስ 7ም ጁን 30 ቀን 2024 አበቃ። ከዚያ በኋላ ሁለት ተተኪ መጣ። አንዱ ሮኪ ሊኑክስ ነው፣ ከሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ኩርትዘር ያስጀመረው። ሌላው ክላውድሊኑክስ የሚባለው ኩባንያ ያስጀመረው አልማሊኑክስ ነው። በጁን 2023 ሬድ ሃት የምንጭ ኮዱን ለሕዝብ የሚያወጣበትን መንገድ ሲያጠብ ሁለቱም ተንገዳገዱ፣ ግን ቆመዋል። የሶፍትዌር ሻጫችሁ "ሬድ ሃት ወይም ተመሳሳዩ" ካለ ከሁለቱ አንዱን ውሰዱ። ኦራክል ዳታቤዝ ዓይነት ከባድ ነገር ከሆነ ግን ራሱን ሬድ ሃትን ወይም ኦራክል ሊኑክስን ተጠቀሙ፣ ችግር ሲመጣ "የማንደግፈው ሲስተም ላይ ነው ያለው" የሚል መልስ እንዳይመጣባችሁ።

ለሌላው ሁሉ የኔ ምርጫ ዴቢያን ነው። ዴቢያንን የያዘው ኩባንያ ሳይሆን ማኅበረሰብ ነው፣ ከ1993 ጀምሮ። አንድ የቦርድ ስብሰባ ተነስቶ ዛሬ ነጻ የነበረውን ነገ አይዘጋውም። የሴንትኦኤስን ነገር ካየሁ በኋላ ይሄ ለእኔ ትልቅ ክብደት አለው። 12ኛው እትም በጁን 2023፣ 13ኛው በኦገስት 2025 ወጥቷል፤ እያንዳንዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍና ሁለት ዓመት ተጨማሪ ያገኛል። ኡቡንቱም ጥሩ ነው፣ በተለይ ለጀማሪ አስተዳዳሪ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መመሪያ ግማሹ የሚጻፈው ለእሱ ይመስላል። ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው) የሚለውን ብቻ ውሰዱ፣ በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይወጣል፣ አምስት ዓመት ድጋፍ አለው። ኡቡንቱ ፕሮ ላይ ስትመዘገቡ ወደ 10 ዓመት ይሄዳል፣ እስከ አምስት ማሽን ድረስም ነጻ ነው። ለትንሽ ቢሮ አምስት ማሽን በቂ ነው። ሱዜ ጥሩ ስም አለው፣ ኤስኤፒ የሚጠቀሙ ትልልቅ ድርጅቶች ይወዱታል፤ እኛ አገር ግን የሚያውቀውን ሰው ማግኘት ከባድ ስለሆነ አልመክረውም። ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን፣ ሊኑክስ ያልሆነ ሌላ ነጻ ሲስተም፣ እወደዋለሁ። ለደንበኛ ግን አልተክልም፣ ከእኔ በኋላ ማን ይይዘዋል?

ሊኑክስ ላይ ምን ይኬዳል ለሚል፣ ኦዱና ኢአርፒኔክስት የሚባሉት ኢአርፒዎች (ሒሳብን፣ ግዥንና ንብረትን አንድ ላይ የሚይዙ ሶፍትዌሮች) የተሠሩት እሱ ላይ እንዲሄዱ ነው፤ ከፒችትሪ ለመውጣት የሚያስቡ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት እነዚህን ሁለቱን ነው። ዌብሳይት፣ ዳታቤዝ (ፖስትግሬስ፣ ማሪያዲቢ)፣ ፋይል ሼር፣ ባክአፕ፣ የካሜራ መቅጃ፣ ሁሉም። የማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨር ራሱ ከ2017 እትም ጀምሮ ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ የላይሰንስ ክፍያው ግን እንዳለ ነው።

ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም የሚሉ ሰዎች ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። በማርች 2024 ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ማይክሮሶፍት የሚሠራ ኢንጂነር ነው፣ በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከሩቅ መክፈቻው መንገድ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል ብሎት ሲከታተል። ወደ ዋናዎቹ የዴቢያንና የሬድ ሃት እትሞች ሳይደርስ ተያዘ። ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ስንት ሰርቨር ክፍት ይሆን እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። ሊኑክስም አፕዴት ይፈልጋል፣ ፋየርዎል ይፈልጋል፣ በፓስወርድ ፋንታ በቁልፍ መግባት ይፈልጋል።

እኛ አገር የመብራትን ነገር ሳያነሱ ስለ ሰርቨር ማውራት አይቻልም። ሁለቱም ሲስተሞች ድንገት ሲጠፉ ፋይል ሲስተማቸውን የሚያተርፉበት መንገድ አላቸው፣ ግን በመሀል ሲጻፍ የነበረ ዳታቤዝ ላይ ዋስትና የለም፣ ፒችትሪ ደግሞ በዚህ በኩል ስስ ነው። ዩፒኤስ ሁሉም ቢሮ አለ። ከዩፒኤሱ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የዩኤስቢ ገመድ ግን ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ነው የማገኘው። ያ ገመድ ነው "ባትሪው እያለቀ ነው፣ በሥርዓት ጥፋ" ብሎ ለሰርቨሩ የሚነግረው። ሊኑክስ ላይ ኤንዩቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ብዙ ዓይነት ዩፒኤስ ያውቃል፣ ለዊንዶውስ ደግሞ የዩፒኤሱ አምራች የራሱን ይሰጣል። ገመዱን ፈልጉና ሰኩት።

ከመብራት ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ። ሰርቨሩ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። ዶሜይን ውስጥ ደግሞ የሰርቨሩና የኮምፒውተሩ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ መግባት ሊከለከል ይችላል። ጠዋት ቢሮ ገብቶ "ፓስወርዴ እምቢ አለ" የሚል ሠራተኛ ሲበዛ ፓስወርድ ከመቀየር በፊት ሰዓቱን እዩ።

ይሄኛው ደግሞ በአማርኛ የሚሠሩ ቢሮዎችን ለይቶ የሚነካ ነው፣ በየንጽጽሩ ላይ ተጽፎ አይቼው አላውቅም። ዊንዶውስ የፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ይቀበላል። ሊኑክስ ላይ የተለመዱት ፋይል ሲስተሞች ኤክስት 4ና ኤክስኤፍኤስ የሚቆጥሩት በባይት ነው፣ 255 ባይት፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ የአማርኛ የፋይል ስም ከ85 ፊደል አያልፍም። ይበቃል ትሉ ይሆናል። መዝገብ ቤት ገብታችሁ እዩ። "የ2016 በጀት ዓመት የግዥ ኮሚቴ ሦስተኛ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከተሻሻለው የጨረታ ሰነድ ጋር ተያይዞ ለማኔጅመንት የቀረበ ተስተካክሎ የተፈረመበት የመጨረሻ ረቂቅ" ተብሎ የተሰየመ ፋይል ዊንዶውስ ላይ በሰላም ይኖራል። ወደ ሊኑክስ ሼር ሲገለበጥ ግን እምቢ ይላል፣ የሚመጣው መልእክትም ግልጽ ስለማይሆን ሰው ሰርቨሩ ሞልቷል ብሎ ያስባል። ፋይል ሰርቨር ወደ ሊኑክስ ከማዛወራችሁ በፊት ረጃጅም ስሞችን ፈልጋችሁ አሳጥሩ። ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጣችሁ አጭር አሰያየም ተስማሙ፣ ቀኑ ከፊት፣ ጉዳዩ በሁለት ሦስት ቃል።

አሁን ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ፣ ስንት ዊንዶውስና የትኛው። ከ30 እስከ 100 ሠራተኛ ላለው፣ ፒችትሪም ዶሜይንም ለሚያስፈልገው ድርጅት በአሁኑ ጊዜ የምተክለው ድብልቅ ነው። ማሽኑ ላይ መጀመሪያ ፕሮክስሞክስ፣ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ይጫናል፣ መሠረቱ ዴቢያን ነው፣ ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። ድሮ ይሄን ቦታ ቪኤምዌር ይይዘው ነበር፤ ብሮድኮም በኖቬምበር 2023 ከገዛው በኋላ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቀው ላይሰንስ ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈል ሆነ፣ ለእኛ ዓይነት ቢሮ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። ፕሮክስሞክሱ ላይ በአንድ ስታንዳርድ ላይሰንስ ሁለት የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ይኖራል፣ አንዱ ለዶሜይን፣ አንዱ ለፒችትሪ። ጎናቸው ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ዴቢያን፣ ለፋይል፣ ለዌብ፣ ለኢአርፒ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ለዊንዶውሱ አራት ኮር ብቻ ብትሰጡትም ላይሰንሱ የሚቆጠረው በማሽኑ ሙሉ ኮር ነው። ባለ 16 ኮር ግዙ። ከ16 በላይ ለዚህ መጠን ቢሮ አያስፈልግም፣ የተረፈውን ገንዘብ ራምና ኤስኤስዲ ላይ አውሉት። ሁለተኛ ማሽን፣ ያረጀም ቢሆን፣ ለባክአፕ ብቻ ለዩ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ የዶሜይኑ ፓስወርድ እዚያ አይሥራ። ስናፕሾት (የቨርቹዋል ማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ መያዝ) ባክአፕ አይደለም፣ እዚያው ዲስክ ላይ ነው ያለው።

ማን ይነሳል የሚለው ቀርቷል። በቋሚነት የተቀጠረ የአይቲ ሰው ካላችሁ እሱ የሚያውቀውን ማክበር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ላይ አምስት የዴቢያን ማሽን ጥሎ መሄድ ደግ ሥራ አይደለም፣ ሥልጠናውን ከበጀቱ ጋር አስቡት። ተመላላሽ ከሆነ ደግሞ ከክፍያው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ተቀበሉት፤ የትኛው ማሽን ምን ይሠራል፣ ባክአፑ የት ነው፣ መጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረው መቼ ነው። ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ ሥራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ ይግቡ። ባለሙያው ሲጣላችሁ ወይም ስልኩን ሲዘጋ ድርጅቱ የራሱን ሰርቨር መክፈት ሳይችል ሲቀር አይቻለሁ፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ከዚህ አያድናችሁም።

አሁን ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ድጋፉ የሚያበቃው ጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ነው፣ በእኛ ጥር 4 ቀን 2019 ዓ.ም.። 2019 የሚባለው እትም እስከ ጃንዋሪ 2029፣ 2022 ደግሞ እስከ ኦክቶበር 2031 አለው፣ እነሱ ጊዜ አላቸው። የ2016ቹ ግን ጥር የሚውለው ሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በሚጀምረው በጀት ዓመት መሀል ነው። የላይሰንሱም፣ የማሽኑም፣ የሥልጠናውም ወጪ እዚያ በጀት ላይ መያዝ አለበት፣ ፕሮፎርማው ሲሰበሰብ ደግሞ የኮሩ ብዛት ተጽፎ።